«ከሞትኩ የሚሰጠኝ ስንት ነው?»

እሑድ ረፋድ ነበር። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ በእድራችን ዕቃ ቤት ደጃፍ ተሰልፏል። እኔ ጠረጴዛዬን አውጥቼ፣ መዝገቡን ዘርግቼ የወር መዋጮ እቀበላለሁ። የዚህ እድር ጸሐፊ ከሆንኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ ስም መፈለግ፣ ብር መቁጠር፣ ደረሰኝ መቁረጥ ነው። በመሐል ስለ ታመመ ሰው እጠይቃለሁ፣ ሰሞኑን ያልታየ ጎረቤት የት እንደገባ አጣራለሁ።

ሰፈርተኛው ሁሉ «የማሙሽ እናት» የሚላት ሴት ተራዋ ሲደርስ አራት ቦታ ያጠፈችውን መቶ ብር ሰጠችኝ። ደረሰኟን ተቀበለች፤ ግን አልሄደችም። ከኋላዋ ያሉት እስኪያልፉ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ «ጋሼ፣ እኔ ከሞትኩ እድሩ የሚሰጠኝ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ምነው? ምን አገኘሽ?» አልኳት ደንግጬ።

«ምንም። ስንት እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ለአባል 15,000 ብር ነው።»

«እንግዲያው ከሱ ላይ 11,000ውን አሁን ይስጡኝ። ስሞት በቀረው ይቀብሩኛል።»

ድምፅዋ ውስጥ ምሬት አልነበረም። አስባበት፣ አስልታ፣ ሌሊቱን ስታገላብጠው አድራ የመጣች ነበር የምትመስለው። እኔ መዝገቡን ገለጥኩ። ምን ልፈልግበት እንደገለጥኩት ዛሬም አላውቅም። የሷ ስም ያለበት ገጽ ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። «ደንቡ አይፈቅድም፣ እህቴ» አልኳት። «ልክ ነዎት» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሄደች።

በሁለተኛው ሳምንት ዕቃ የጫነች ትንሽ መኪና በደጄ አለፈች። ፍራሽ፣ ሁለት ጄሪካን፣ አንድ የብረት አልጋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በገመድ ጠፍንገው ያሰሩት የእንጀራ ምጣድ። ማሙሽ ከሹፌሩ አጠገብ የትምህርት ቤት ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጧል። እጁን አወዛወዘልኝ።

ቤት ይቁጠረው

ነገሩን የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው፤ ቁርጥራጩን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ። የማሙሽ እናት ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ለሦስት ምግብ ቤቶች እንጀራ ትጋግራለች። ኪራዩ በወር 5,500 ብር ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስላላት የመብራቱን ለብቻ ትከፍላለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ገበያው እንዴት እንደከበደ ሁላችንም ኖረንበታል። እሷ የእንጀራዋን ዋጋ ጨምራ ደንበኞቿን ላለማጣት የቻለችውን ያህል ትርፏን ቀንሳ ገፋችበት። ከዚያ ታይፎይድ ጣላት። አምስት ሳምንት ተኛች። ምግብ ቤቶቹ እንጀራ ሳይዙ ምሳ ማቅረብ አይችሉምና ሌላ ጋጋሪ ፈለጉ። የሁለት ወር ኪራይ አለፈ፤ 11,000 ብር።

ማንም አልሰማም። ሰው እንዴት ከረምሽ ሲላት «ቤት ይቁጠረው» ትል ነበር አሉ። ይህን አባባል በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼው ይሆን? ስሰማው ደግሞ ሁሌም ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ፤ እንደ ሰላምታ ነው የምቆጥረው። ቤቱ የቆጠረውን የሚጠይቅ ሰው ግን የለም።

አከራይዋን ክፉ ሴት አድርጌ ብጽፋት ውሸት ይሆንብኛል። ባሏ የሞቱባት፣ የጡረታ አበሏ መድኃኒቷን የማይሸፍንላት፣ በዚያች ክፍል ኪራይ የምትኖር ሴት ናት። በሩን አላሸገችም፣ ዕቃ አልወረወረችም። «የእህቴ ልጅ ከአረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አለቻት፤ በቃ። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። ከአረብ አገር የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ አይመጣም። አባባሉ የሁለቱንም ፊት ለመሸፈን የተበጀ ነው፦ አከራይዋ «አስወጣሁ» ከማለት፣ ተከራይዋ «ከፍዬ መኖር አቃተኝ» ከማለት ይድናሉ።

ሌሊት የሚያነቃኝ ግን መዝገቡ ነው። ሰባት ዓመት ወደኋላ ገልጬ አየሁት። የማሙሽ እናት አንድም ወር አላሳለፈችም። ኪራይ ባልከፈለችባቸው በነዚያ ሁለት ወራት እንኳ መቶ መቶ ብሯ በቀኑ ገብቷል፤ በእጄ ነው የጻፍኩት። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው የኮንዶሚኒየም ምዝገባ የ20/80 ቤት ተመዝግባ የቁጠባ ደብተርም ነበራት፤ «ካወጣሁት ተራዬ ይሄዳል» ብላ አልነካችውም። እንግዲህ እዩት፦ ለወደፊት ቤቷ ትቆጥባለች፣ ለቀብሯ ትከፍላለች። መሐል ላይ ላለው ለዛሬው ጣሪያ የምታንኳኳው በር አልነበራትም። ብቸኛው በር የኔ ጠረጴዛ ነበር፤ እሱንም በሦስት ቃል ዘጋሁት።

ደንቡን የጻፉት ሰዎች

የእድራችንን ደንብ ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፉት አባቶች ዛሬ አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። ጥሩ ደንብ ነው። አባል ሲሞት፣ የትዳር ጓደኛ ሲሞት፣ ልጅ ሲሞት፣ ወላጅ ሲሞት ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚሰጥ፣ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም፣ ቀብር የቀረ ስንት እንደሚቀጣ ሳይቀር ተጽፏል። ለኑሮ ችግር ግን አንዲት መስመር የለውም።

ለምን? ልባቸው ስለደነደነ አይደለም። ይመስለኛል፣ ደንቡን ሲጽፉ ቤት ጥያቄ ስላልነበረ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ ኪራያቸው ዝቅተኛ የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። እኛ ሰፈር የእድሩ መሥራቾች አብዛኞቹ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ነበሩ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ኪራዩ ግን ለዘመናት ጥቂት ብር ሆኖ ቆየ። ማንም «የእህቴ ልጅ ልትመጣ ነው» ብሎ አያስወጣቸውም። ስለዚህ የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሞት። ለሱ ተዘጋጁ።

ዛሬ ከአባሎቻችን ወደ ግማሽ የሚጠጋው በግለሰብ ቤት የሚከራይ ነው። ተከራይ ከሰፈር ሲወጣ የሚያጣው ክፍሉን ብቻ አይደለም። ዱቤ የሚሰጠውን ሱቅ ያጣል፤ ባለሱቁ ለሰባት ዓመት ያወቀውን ፊት እንጂ አዲስ መጤን በደብተር አይጽፍም። ልጁ ትምህርት ቤት ይቀይራል፤ ወይም በሌሊት ተነስቶ ከተማውን ያቋርጣል። «ልጄን እስክመለስ እይልኝ» የምትባለዋ ጎረቤት ትቀራለች። እድሩም ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ለቀብሩ የከፈለው የሰባት ዓመት መዋጮ ተመላሽ የለውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንላለን። የቅርብ ጎረቤታችን ሩቅ ሲሄድ ግን ቆመን እናያለን።

ሕግ የለም አልልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ መንግሥት በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ለብዙ ተከራይ እፎይታ ነው፤ ውሉን ያስመዘገበ ጥቅሙን አይቷል። የማሙሽ እናት ውል ግን የቃል ነበር። በጽሑፍ ቢሆንም ኖሮ ሕግ ጭማሪን ይይዛል እንጂ ታማ ለተኛች ሴት ያለፈባትን ኪራይ አይከፍልላትም። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትም የታሰበው ከድሃም በጣም ድሃ ለሆነው ነው። ምጣድና ደንበኛ ያላት ሴት እስክትወድቅ ድረስ ድሃ ተብላ አትቆጠርም። ከወደቀች በኋላ ደግሞ ማንሳቱ ብዙ ያስወጣል።

61 ብር

አንድ ማታ ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። እድራችን 180 አባል አለው። ዕዳዋ 11,000 ብር ነበር። ለ180 ሲካፈል ለሰው 61 ብር ከሳንቲም ይሆናል። ከአንድ ወር መዋጮ ያነሰ! ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደግሜ መታሁት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚሁ ወረቀቴ ላይ ነበር፤ ግን ማንም ሎሚውን አላካፈለም።

ከዚያ ደግሞ መውጣቷ ያስወጣትን ደመርኩ። ኮዬ ፈጬ አንድ ክፍል አገኘች። አዲሱ አከራይ አዋጁን ሰምቶም ይሁን ሳይሰማ የሦስት ወር ቅድሚያ ጠየቀ። ደላላው የራሱን ወሰደ። የጭነት መኪናው፣ ዕቃ አውራጆቹ፣ ለማሙሽ አዲስ ዩኒፎርም ተጨመረ። ይህን ሁሉ ከወንድሟና ከአንዲት ጓደኛዋ ተበድራ ነው የከፈለችው። ብድሩ ከ11,000ው ዕዳ እጥፍ አልፏል። ይባስ ብሎ አዲሱ ክፍል ምጣድ አይፈቀድበትም፤ ቆጣሪው የጋራ ነው፣ «መብራት ትበያለሽ» ተባለች። እንጀራ ጋጋሪ ያለ ምጣድ ምን ትሆናለች? የሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚቆመው። ስለ ዕርዳታ ስናስብ ብዙ ጊዜ የምናስበው የወደቀውን ሰው ነው፦ በረንዳ ላይ ያደረውን፣ ድንኳን ውስጥ ያለውን፣ እጁን የዘረጋውን። እሱን መርዳት ግዴታ ነው። ነገር ግን ከመውደቅ በፊት ያለች አንዲት ቀጭን ጊዜ አለች፤ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። በዚያች ጊዜ ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ነገር ይይዛል። ቤት የያዘ ሰው ሥራ ያፈላልጋል፣ ዱቤውን ይከፍላል፣ ልጁን ያስተምራል። ያቺ ጊዜ ካለፈች በኋላ እጥፉን ብንሰጥም የተፈታውን ኑሮ መልሰን አናስርም።

ገመና

ከሄደች በኋላ የሰፈሩ ወጣቶች በጎ አሰቡ። «ቪዲዮ ሠርተን ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው፣ በአንድ ቀን ይሞላላታል» አሉኝ። እኔም ደወልኩላት። ለአፍታ ዝም አለችና «ጋሼ፣ የኔ ቢጤ አያድርጉኝ። ማሙሽ ትምህርት ቤት አለው» አለችኝ።

የኔ ቢጤ። ቃሉን አስቡት። ለማኝን «እኔን የመሰለ» ብሎ የሚጠራ ቋንቋ የት አለ? የጠራው ሰው ነገ እኔም እሱን ልሆን እችላለሁ ብሎ ራሱን ከጎኑ ያቆመበት ስም ነው። በጊዜ ብዛት ግን ቃሉ ሰው የሚሸሸው ሆነ። ለምን እንደሆነ ከሷ ተረዳሁ፤ ስም ቢለሰልስም መንገድ ላይ መታየቱ አልለሰለሰም። የማሙሽ እናት ዕርዳታን አልጠላችም። እኔ ዘንድ ስትመጣ ሰው እስኪያልፍ ቆማ የጠበቀችው፣ በሹክሹክታ የጠየቀችው፣ የጠየቀችውም ልመና ሳይሆን የራሷን የሞት ገንዘብ የሆነው ገመናዋን ላለመግለጥ ነው። ያን ሁሉ ተጠንቅቃ መጥታ እኔ ያየሁት ደንቡን ብቻ ነበር።

ዛሬ ስልካችን ላይ የሚመጣው ዕርዳታ ብዙ ሰው አድኗል፤ ለኩላሊት፣ ለልብ ሕክምና የተሰበሰበውን ሁላችንም አዋጥተናል። ለዚያ ዓይነት ብዙ ገንዘብ ብዙ ሰው መስማት አለበት፣ አማራጭ የለውም። ለሁለት ወር ኪራይ ግን የአንዲትን እናት ፊት ለመቶ ሺህ ሰው ማሳየት ዋጋው አይመጣጠንም ብዬ አምናለሁ። ዕዳዋ በወር ይከፈላል፤ ቪዲዮው ልጇ አድጎ እስኪያገባ ይኖራል። ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አይወቅ የተባለው ለሰጪው ትሕትና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለተቀባዩም መጠለያ ነው።

ስብሰባው

በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ስሟን አልጠራሁም። «አንድ አባላችን በሕይወት እያለ ከሞት ገንዘቡ ጠየቀኝ፤ እኔ ለኮሚቴው እንኳ ሳላቀርብ መለስኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ከዚያ የ61 ብሯን ሒሳብ አነበብኩ።

ክርክሩ ከባድ ነበር፤ ያነሱትም ሐሳብ ከንቱ አልነበረም። አንድ አባት «ገንዘቡ ለሕያው ካለቀ እኔን በምን ትቀብሩኛላችሁ? አርባ ዓመት ከፍያለሁ» አሉ። ልክ ናቸው። አንዲት ሴት «ሁሉም ቸገረኝ ካለ ማን ያጣራል? የሰው ጓዳ ልንበረብር ነው?» አለች። እሷም ልክ ናት። አከራይ የሆኑ አንድ አባል ደግሞ «እኛስ? ተከራይ ሳይከፍል ሲቀር እኛም እንቸገራለን» አሉ። ጭብጨባ አልተሰጣቸውም፤ እኔ ግን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ኪራይ ሲከፈል ሁለት ቤት ነው የሚድነው።

ነገሩን ያዞሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዲት ትልቅ እናት ተነሱና በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሲያራቁተው የሆነውን አስታወሱን። በየሳምንቱ ጥሩምባ የሚነፋበት ዘመን ነበር። ያኔ በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች መቅበር ብቻ አይበቃም ብለው ለታመሙትና ወላጅ ላጡ ልጆች እጃቸውን ዘረጉ። «ያኔ ደንቡ አይፈቅድም አላልንም፤ ደንቡን ቀየርነው» አሉ። ቀጥሎ አንድ ሙስሊም አባላችን «በኛ ዘንድ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ዕዳ የከበደው ሰው ነው። ዕዳ ሰውን ከነነፍሱ ይቀብረዋል» አሉ። ዝም ተባለ። የኮሮና ጊዜም ተነሳ፤ በ2012 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜው ተከራይ ማስወጣት ሲከለከል፣ ብዙ አከራዮች ሳይገደዱ ኪራይ የማሩበት ወር። ከመሐላችንም ምረው የነበሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እስከዚያ ቀን አልተናገሩም።

የሞቱ ገንዘብ አልተነካም። በሱ ፈንታ ለብቻው የሚቀመጥ ሒሳብ እንዲከፈት ተወሰነ፦ በወር በሰው 10 ብር፣ ሁሉም ሲከፍል 1,800 ብር። ለስድስት ወር ሳይነካ ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ቤት እስከ ሁለት ወር ኪራይ ያለ ወለድ ይሰጣል፤ የቻለ ቀስ ብሎ ይመልሳል፣ ያልቻለ አይከሰስም። ለማን እንደተሰጠ ሦስት ሰው ብቻ ያውቃል፣ በጉባኤ ሪፖርት ላይም የሚነበበው ብሩ እንጂ ስሙ አይደለም። በአንዷ ነጥብ ላይ ብዙ ተከራከርን፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለአከራዩ ይሰጥ ወይስ ለተከራዩ? በቀጥታ ለአከራዩ ቢሆን ለታለመለት እንደዋለ ይታወቃል የሚለው ሐሳብ ሊያሸንፍ ነበር። እኔ የሹክሹክታዋን አሰብኩና ተቃወምኩ። የእድር ሰው ኪራይ ይዞ አከራይ ደጅ ሲቆም ገመናው እዚያው ተገለጠ ማለት ነው። በራሱ እጅ ቢከፍል ራሱን ቀና አድርጎ ይከፍላል። በአራት ድምፅ ብልጫ በእጁ ይሰጠው ተባለ። ይህ ውሳኔ አንድ ቀን ሊያታልለን ይችላል፤ ያም ሆኖ ትክክል ነው እላለሁ።

የማሙሽ እናት አሁንም በየወሩ ትመጣለች። ከኮዬ ፈጬ በሦስት ታክሲ፣ መቶ ብር እድር ለመክፈል። ባለፈው ወር ተራዋ ሲደርስ በመዝገቡ ላይ አዲሷን ዓምድ አየቻት። «ይቺ ምንድን ናት?» አለች። ነገርኳት። ሒሳቡ የሚያገለግለው እዚሁ ሰፈር ለሚኖር አባል ብቻ መሆኑንም ነገርኳት፤ መደበቅ አልቻልኩም። ያን መስመር እኔው ነኝ በስብሰባው የጻፍኩት፣ ስጽፈው እሷን አላሰብኳትም።

ዝም ብላ ዓምዷን ስትመለከት ቆየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የታክሲዋን ዝርዝር ቆጠረች፣ ከመሐሉም አንዲት አሥር ብር አወጣች።

«አሥሯንም ይጻፉልኝ» አለችኝ።

«ለአንቺ እኮ…»

«አውቃለሁ። ይጻፉ።»

ጻፍኩ።